«ኢንዛይምሽ ጨምሯል» ሲሉሽ

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ሒሳብ አስተምራለሁ። የጡት ካንሰሬ ወደ አከርካሪዬ ከተሰራጨ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለክትትል ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከቀጠሮዬ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ እዚሁ ከተማ ደም ሰጠሁ። ማታ ውጤቱን ስቀበል ኤስጂፒቲ በሚለው የጉበት ምርመራ መስመር ላይ 212 ተጽፏል። ከጎኑ «መደበኛ፦ እስከ 40» ይላል።

ካንሰሩ ጉበቴ ገባ አልኩ። በቃ። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ከቡሬ እስከ ዳንግላ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ እጄን ይዘውኝ ሄዱ።

እንዲህ ያለው ወረቀት አንድ ቀን አንቺም እጅ ይገባ ይሆናል። ስለዚህ ያን ቀን አንድ ሰው በነገረኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን እጽፍልሻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የሐኪምሽ ቃል ከኔ ቃል ይበልጣል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ተረጋግተሽ አንብቢው። ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ ጉበት ሴሎች ውስጥ የሚገኙ ኢንዛይሞች ናቸው። አንዳንድ ላቦራቶሪ ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ ብሎ ይጽፋቸዋል። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ጉበትሽ እንደተነካ ይነግርሻል፤ ማን እንደነካው አይነግርሽም።

ቁጥሩን ለላይኛው መደበኛ ልክ አካፍዪው። 212 ለ40 ሲካፈል 5.3 ይመጣል። ሐኪሞች የሚያዩት ይህን እጥፍ ነው። እስከ 3 እጥፍ ቀላል ይሉታል። ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከ5 በላይ ከባድ፣ ከ20 በላይ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ቀላል ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕክምናው ይቀጥላል፤ የደም ምርመራው ብቻ ይደጋገማል። ከ5 እጥፍ ሲያልፍ መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም የተለመደ ነው። እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ ግን መነሻው ይኸ ነው። 70 ወጣብኝ ብላ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ሴት አውቃለሁ። ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም ነበር። የሚያካፍልላት አጥታ ነው።

መደበኛ ልኩ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ትንሽ ይለያያል። ከቻልሽ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተመርመሪ። ወረቀቶቹን አትጣያቸው። እኔ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩንና በዚያ ሳምንት የወሰድኩትን እጽፋለሁ።

ከዚያ ዓይንሽን ቢሊሩቢን ወደሚለው መስመር አውርጂው፤ ጉበት ከደም የሚያስወግደው ቢጫ ነገር ነው። የኔ 0.8 ነበር፤ መደበኛ። ዶክተሩ ወረቀቱን ሲቀበለኝ መጀመሪያ የፈለገው እሱን ነው። ጉበት ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን የሚናገሩት ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን የሚባለው ጉበት የሚሠራው ፕሮቲንና ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ናቸው። ኢንዛይሙና ቢሊሩቢኑ ተያይዘው ሲወጡ ነገሩ ይከብዳል። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል መስመርም አለ። እሱ ከአጥንትም ስለሚመጣ፣ ካንሰሩ አጥንት ላይ ያለብን ሴቶች ጉበታችን ደኅና ሆኖም ከፍ ሊልብን ይችላል። ጋማ ጂቲ የሚባለው ምርመራ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይረዳል።

ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ወደ ጉበት ሄዷል ማለት ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን እንፈልጋለን» አለኝ። ፈለገም።

ያኔ የምውጠው ካፔሲታቢን የሚባል የኬሞ ኪኒን ነበር። ጠዋት 4 ማታ 4 ፍሬ ለ14 ቀን፣ ከዚያ 7 ቀን እረፍት። እሱ ራሱ ኢንዛይም ሊያወጣ ይችላል። ፓክሊታክሴል የሚባለው ሌላ ኬሞም እንዲሁ። ታሞክሲፈን የሚባለው የሆርሞን ኪኒን ጉበት ላይ ስብ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል። ሪቦሲክሊብ የሚባለውን የጡት ካንሰር ኪኒን የሚወስዱ ሴቶችም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች በየሁለት ሳምንቱ የጉበት ምርመራ የሚታዘዝላቸው መድኃኒቱ ጉበት ሊነካ ስለሚችል ነው።

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ለብቻው መነገር አለበት። ቫይረሱ ሳይታወቅ ለዓመታት ተኝቶ ይኖርና ኬሞ ሲጀመር ሊነቃ ይችላል። እኛ ሀገር ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ኬሞ ከመጀመርሽ በፊት ካልተመረመርሽ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ጠይቂ። ቢገኝብሽ እንዳይነቃ የሚከላከል ኪኒን አለ። እኔ ከሄፓታይተስ ቢም ከሄፓታይተስ ሲም ነጻ ነበርኩ። አልትራሳውንድም ታየሁ፤ ጉበቴ ላይ ምንም አልተገኘም።

ከዚያ ጠየቀኝ።

«ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩት።

ነበር። አክስቴ ከቢቸና ስትመጣ በላስቲክ የተቋጠረ የቅጠል ዱቄት ይዛልኝ መጥታ ነበር። «ልጄ፣ በማር ለውሰሽ በባዶ ሆድሽ ቅመሽ፤ ጉበት ያጠራል» አለችኝ። ስሚዛ እንዳለበት ታውቃለች። ሌላው ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ሰጪው አልነገራትም። በየጠዋቱ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ወሰድኩ። ለዶክተሩ የደበቅሁት እንዳይቆጣኝ ብዬ ነው። አክስቴንም እንዳይንቅብኝ።

ያን ሌሊት ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አድሬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ተመልሼ ሄድኩና ላስቲኩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አልተቆጣም። ፎቶ አነሳው፣ ካርዴ ላይ ጻፈው፣ «ሁለቱንም ያቁሙ» አለኝ። ኪኒኑንም ዱቄቱንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ 96 ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት 51። ካፔሲታቢኑ ተቀንሶ፣ ጠዋት 3 ማታ 3 ሆኖ ተመለሰልኝ። ዱቄቱ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ከ60 አልፎ አያውቅም። ጥፋቱ የዱቄቱ ይሁን የኪኒኑ መጠን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የቆሙት። የሚቆጨኝ ይኸ ነው። ዱቄቱን ከመጀመሬ በፊት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት አምስት ሳምንት ያለ ካንሰር መድኃኒት አልቀመጥም ነበር።

ቅጠል ነው፣ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፣ አይጎዳም እንላለን። ጉበት ግን ቅጠሉንም ኪኒኑንም የሚያጣራው በዚያው ሴል ነው። ለቡዳ የምናጨሰው ጊዜዋ በውጭ ሀገር አሽዋጋንዳ ተብሎ በኪኒን መልክ ይሸጣል። እሱን ውጠው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች እንዳሉ ሐኪሞች መዝግበዋል። ስለዚህ ለሐኪምሽ ንገሪ። ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ በማር የተለወሰውን፣ ጎረቤት ያካፈለሽን ሁሉ። ስሙን ካላወቅሽ ይዘሽው ሂጂ።

የፋርማሲውንም እንዲሁ። ለጀርባዬ ሕመም ባለ 500 ፓራሲታሞል በቀን 8 ፍሬ እወስድ ነበር። ይኸ ለጤነኛ ትልቅ ሰው እንኳ የመጨረሻው ልክ ነው። በዚያ ላይ ጉንፋን ይዞኝ የገዛሁት ኪኒን ውስጥም ፓራሲታሞል ነበረበት። አላውቅም ነበር። ዶክተሩ ለኔ በቀን ከ4 ፍሬ እንዳላልፍ አዘዘኝ፤ ለቀረው ሕመም ሌላ መድኃኒት ሰጠኝ። ፓራሲታሞል ተቀነሰብኝ ብለሽ በራስሽ ዲክሎፌናክ ወደሚባለው ማስታገሻ አትሂጂ፤ እሱም ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ኦግመንቲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት፣ የቲቢ መድኃኒትም ኢንዛይም የሚያወጡበት ጊዜ አለ። የታዘዘልሽን በራስሽ አታቋርጪ፣ ግን የካንሰር ሐኪምሽ ይወቀው። አሁን ቀጠሮ ስሄድ ቤት ውስጥ ያለውን የመድኃኒት ዓይነት ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጌ እሄዳለሁ። በቃል ከመዘርዘር ይሻላል። በቃል ሲሆን እንረሳለን፣ ወይም እናፍራለን።

መድኃኒቱ ሲቆምብሽ ትፈሪያለሽ። እኔ በየሌሊቱ ካንሰሩ ሲያድግ ይሰማኝ ነበር፤ ወይም ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩን በቀጥታ ጠየቅሁት። «ጉበትዎ ከተጎዳ ምንም መድኃኒት ልሰጥዎ አልችልም። አሁን የማቆመው ነገ እንድሰጥዎ ነው» አለኝ። በዚህ ቃል ነው አምስቱን ሳምንት የገፋሁት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ቁጥሩ ወርዷል ብለሽ ኪኒኑን በራስሽ አትጀምሪ። የቀረብሽን ለማካካስም ደርበሽ አትዋጪ።

ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጉበት የሚያጥብ ምግብ የለም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ተዪ። ድግስ ቤት «ትንሽ ቅመሺ» ሲሉሽ መድኃኒት ላይ ነኝ በይ፤ ያ ይበቃል። ቡናሽን አትተዪ፤ ቡና ጉበት አይጎዳም። ጾሙን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ተፈቀደልኝ፤ ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ መዋል ለኔ አይሆንም። ካፔሲታቢን ከምግብ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው የሚዋጠው። እህልሽን ግን እይው። የሻገተ በቆሎ፣ የሻገተ በርበሬ፣ የሻገተ ለውዝ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ጉበት ነው የሚያጠቃው። ብትፈጪውም ብትቀቅይውም አይጠፋም። ክረምት ያረጠበውን በቆሎ ላስለቅመው ብለሽ አትድከሚ፤ አውጥተሽ ጣይው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራሽ ከነጣ፣ መላ ሰውነትሽን ካሳከከሽ፣ በቀኝ ጎድን አጥንትሽ ሥር ጠንከር ያለ ሕመም ከተሰማሽ፣ ሆድሽ ከተነፋ፣ ያለ ምክንያት ከደማሽ፣ ወይም ቤተሰብሽ «ንግግሯ ተምታታ» ካሉ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ይህን ምልክት ቤት ውስጥ ላሉትም ንገሪያቸው፤ የተምታታባት ሰው ራሷ አታውቀውም። እኛ ጋ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ክንድ ሊያስተኩሱ ይወስዳሉ። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ሰውነት ቁስል አይችልም፤ በቀላሉ ያመረቅዛል። እምቢ በይ። እምቢ የሚልልሽም ሰው ከአሁኑ አዘጋጂ።

ከዚህ የተረፈው ግን አብዛኛው የኢንዛይም መጨመር ምንም አይሰማም። 212 ሲሆን እኔ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ስለዚህ ደኅና ነኝ ብለሽ የደም ምርመራ አትዝለዪ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ሲዘጋ እዚሁ ተመርምሬ ውጤቱን በስልክ ለሲስተሯ አነብላታለሁ፤ እሷ ለዶክተሩ ታሳየዋለች። ስልኳን የጠየቅኋት መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው። አንቺም ዛሬ ጠይቂ።

አክስቴን ምን ልበላት ብዬ ብዙ ተጨነቅሁ። ይዛው የመጣችው በፍቅር ነው፤ ከቢቸና ድረስ። ለትንሣኤ ስትመጣ ደብተሩን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንበብ አትችልም፣ ግን ቁጥር ታውቃለች። 212፣ 96፣ 51 ብዬ በጣቴ አሳየኋት። የት ላይ ዱቄቱን እንዳቆምኩ ነገርኳት። ኪኒኑም አብሮ እንደቆመ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ እንደማይታወቅም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ታዲያ ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ። በሶ አልኳት።

ባለፈው ወር አመጣች። የራሷ ገብስ፣ ራሷ የቆላችው። ስቀበላት ደብተሬን በአገጯ አመለከተችና «ይኸንንም ጻፊለት» አለችኝ። ጻፍኩት።