እየሄደ ለሚጠፋ አሮጌ ባለ አራት ጎማ ሞተር፦ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ

ካርቡሬተር (ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው አሮጌ ባለ አራት ጎማ ሞተር በደንብ ተነሥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ እየተንተፋተፈ ከጠፋ፣ ቆይቶም ምንም እንዳልነካው ከተነሣ፣ እባካችሁ ካርቡሬተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። እንደጠፋ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ላላ አድርጉት። «ፉስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው፤ በጎደለው ነዳጅ ምትክ አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑን አውልቃችሁ መተንፈሻውን አጽዱ። ቀጭን የጎማ ቱቦ ካለው እሱንም እዩት፤ መታጠፍና በጭቃ መደፈን ይወዳል። መተንፈሻው ንጹሕ ከሆነ ካንዴላውን ፍቱ፦ ጫፉ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፣ በቤንዚን ከራሰ ደግሞ የካንዴላውን እሳት (ብልጭታውን) ጠርጥሩ። ክዳኑን አላልታችሁ ግን አትንዱ፤ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል።