ኮሪያ ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር ወይስ እዚሁ አሜሪካ ትራክ መንዳት? ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት

ሁለቱንም ሠርቻለሁ። ቴጉ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ አሁን ከሜሪላንድ እየተነሳሁ ትራክ እነዳለሁ። ዲግሪ ጨርሰው «የቱ ይሻላል?» የሚሉኝ ልጆች አብዛኞቹ ደመወዝ ከደመወዝ ነው የሚያወዳድሩት። እንደዚያ ከሆነማ ነገሩ ገና ሳይጀመር አለቀ። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት መረጃ የከባድ መኪና ሾፌር መካከለኛ ገቢ በዓመት 57,440 ዶላር ነው። የኮሪያ መንግሥት ትምህርት ቤት ለጀማሪ የሚከፍለው በወር ከ2 ሚሊዮን ዎን ትንሽ አለፍ ይላል፤ 1,500 ዶላር ገደማ በሉት።

መጀመሪያ ግን በሩ ለእናንተ ክፍት መሆኑን እዩ። ኤፒክ የሚባለው የኮሪያ መንግሥት ፕሮግራም ዲግሪና የአሜሪካ ወይም የሌላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ፓስፖርት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ አይበቃም። እኛን የሚያመን ደግሞ ሌላው ነው፦ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው አገር መማርና ቢያንስ 10 ዓመት መኖር ግዴታ ነው። በዲቪ 11ኛ ክፍል ላይ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢጠራ አያልፍም። እሱ ጊዜውን እዚያ ላይ ባያጠፋ ይሻለዋል።

የምታሟሉ ከሆነ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጀምሩ። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳየውን የኤፍቢአይ ማስረጃ አፖስቲል የሚያደርገው፣ ማለትም ለውጭ አገር እንዲያገለግል የሚያረጋግጠው፣ ዋሽንግተን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የዲግሪው ግን በስቴት በኩል ነው የሚያልቀው። አንድ ፖስታ ውስጥ ከታችሁ እንዳትልኩ።

አሁን ወረቀት አውጡና በወር የሚተርፈውን ብቻ ጻፉ። ቴጉ የቤት ኪራይ ትምህርት ቤቱ ነው የሚችለው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሻወሩ ሽንት ቤቱ አናት ላይ ተሰቅሏል፤ ልብስ ማጠቢያው ምድጃው ሥር ተወትፏል። ምሳ ከልጆቹ ጋር በትንሽ ገንዘብ። መኪና የለም፤ የመኪና ኢንሹራንስም የለም። ዓመቱን ስትጨርሱ የአንድ ወር ደመወዝ ይጨመርላችኋል። ለጡረታ የተቆረጠባችሁም አሠሪው ከጨመረው ጋር አሜሪካዊ ከሆናችሁ ለቅቃችሁ ስትወጡ ይመለሳል። እኔ ከዚያች ደመወዝ ግማሿን እቆጥብ ነበር። (ለጿሚዎች፦ ኪምቺ በሚባለው የኮሪያ ጎመን ውስጥ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ማጣፈጫ ይገባበታል። የዓሣውን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ።) አንድ ቅዳሜ ደግሞ ቹንቾን ሂዱ። የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው፤ አጠገቡ ከ1968 ጀምሮ ያለ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ።

በትራኩ በኩል ታክስ፣ ኪራይ፣ የራሳችሁ መኪናና መንገድ ላይ የምትበሉት ይቀነሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻውን አፓርታማ ለሚከራይ ሰው ልዩነቱ የሚገመተውን ያህል አይሰፋም። እናቱ ቤት ለሚኖር ግን ትራኩ ያስከነዳል።

ቀጥሎ ሰዓቱን ጻፉ። ኤፒክ በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ማታውና ቅዳሜው የራሳችሁ። ትራክ ላይ ሕጉ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፤ ከዚያ 10 ሰዓት እረፍት። እረፍቱ ታዲያ ትራክ ስቶፕ ላይ፣ ጎረቤት ትራክ ሞተሩን እያንኳኳ ነው። መጋዘን በር ላይ ጭነት እስኪወርድ የምትገተሩበት ሰዓት በማይል ለሚከፈለው ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ለመቅጠር የሚደውልላችሁ ሰውዬ ይህን አያነሳም።

ከ2022 ወዲህ ክላስ ኤ ሲዲኤል (የከባድ ትራክ መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት በመንግሥት መዝገብ ላይ ካለ ትምህርት ቤት መሠልጠን ግዴታ ነው። «በነፃ እናሠለጥናለን» የሚል ኩባንያ ካገኛችሁ ስንት ወር እንደሚያስራችሁ፣ ቶሎ ከወጣችሁስ ስንት እንደሚያስከፍላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ዕዳ ከሌለባችሁና አገር ቤት በየወሩ እጃችሁን የሚያይ ሰው ከሌለ፣ እኔ ኮሪያን ነው የማስቀድመው። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በኋላ ደመወዙ ብዙም ፈቅ አይልም። ትራክ ላይ ግን መዝገቡ ንጹሕ የሆነና ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ማታ ማታ ቤቱ የሚገባበትን ሥራ መምረጥ ይችላል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሲዲኤል አውጥታችሁ ወዲያው ኮሪያ ከሄዳችሁ፣ ስትመለሱ ብዙ ኩባንያዎች «በቅርብ ነድተሃል?» ብለው እንደገና ሥልጠና ያስገቧችኋል።