ከማሪያና የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ የወጣን ዓለት መመርመር

በምዕራብ ፓስፊክ፣ በማሪያና ደሴቶች አካባቢ፣ የፓስፊክ ፕሌት (ግዙፍ የምድር ልጥ ሰሌዳ) ከፊሊፒንስ ባሕር ፕሌት ሥር እየሰረገ ይገባል፤ በላዩም በርካታ የባሕር ሥር እሳተ ገሞራዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ የወጣ ዓለት ሁለት ውኃዎች ያልፉበታል፦ አንዱ ከሰረገው ፕሌት ወጥቶ ማንትሉ (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ዓለት) እንዲቀልጥ ያደረገው፣ ሌላው ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ የዘለቀው የባሕር ውኃ። የሁለቱ አሻራ ስለሚመሳሰል የመርማሪው ዋና ሥራ እነርሱን መለየት ነው።

በመጀመሪያ ናሙናው ይመረጣል። ትራስ መሰል ላቫ በውኃ ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ ቆዳው ጥቁር መስታወት ስለሚሆን፣ ያልደበዘዘውንና ወደ ቢጫ ያልተለወጠውን ስባሪ በማጉያ እያዩ መልቀም ይገባል። የተለቀመው በተጣራ ውኃ ደጋግሞ ታጥቦ በአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ ይደቅቃል፤ የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ቢፈጥንም ኮባልትና ታንታለም ስለሚጨምር፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች መጠን ከተለካ በኋላ በቅድሚያ የሚታየው ኒዮቢየም የተባለው ብረት ነው። ከሰረገው ፕሌት የሚወጣው ፈሳሽ ባሪየምንና እርሳስን በቀላሉ ሲሸከም ኒዮቢየምን ግን እምብዛም ስለማያንቀሳቅስ፣ በዚህ አካባቢ ባዛልት (ጥቁር የላቫ ዓለት) ውስጥ ኒዮቢየም ከቶሪየም አንጻር ጎድሎ ይገኛል። ባሪየም ከቶሪየም አንጻር ከፍ ካለ የፈሳሹ ድርሻ ጎልቷል ማለት ነው፤ ቶሪየም ከኒዮቢየም አንጻር ከፍ ካለ ደግሞ የቀለጠ የባሕር ወለል ደለል ይጠረጠራል። ሴሪየም ለእርሳስ ሲካፈል በውቅያኖስ መካከለኛ ሸንተረር (ፕሌቶች በሚራራቁበት የባሕር ሥር ተራራ ሰንሰለት) ባዛልት 25 ገደማ ሲሆን፣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ይወርዳል። ፖታሲየም፣ ሩቢዲየምና ዩራኒየም በባሕር ውኃም ስለሚለወጡ ብቻቸውን ምስክር አይሆኑም።

ለስትሮንሺየም አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ልኬት፣ ዱቄቱ ከመሟሟቱ በፊት በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠባል፤ የባሕር ውኃ የስትሮንሺየም-87 ለስትሮንሺየም-86 ንጽጽር 0.7092 ያህል ሲሆን የማሪያና ላቫ ግን 0.7035 አካባቢ ነውና፣ ጥቂት ብክለት እንኳ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። የባሕር ውኃ ኒዮዲሚየም እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የስትሮንሺየም አይሶቶፕ ንጽጽር ጨምሮ የኒዮዲሚየሙ ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው በባሕሩ ላይ ይውደቅ።

ጋዝን በሚመለከት፣ ማግማው ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ቀድሞ ይለያል፤ በሰሜን ምዕራብ ኤይፉኩ እሳተ ገሞራ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠብታ መልክ ከወለሉ ሲወጣ በ2004 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ስለዚህ የመነሻው ውኃ በኦሊቪን (አረንጓዴ ማዕድን) ውስጥ ከታሰረ የማግማ ጠብታ ይለካ፤ በቆዳው መስታወት የተገኘው የካርቦን መጠን ግን እንደ ዝቅተኛ ገደብ ብቻ ይመዝገብ።