ከከርነል አፕግሬድ በኋላ ኔትወርክ ካርድ አልገናኝ ሲል እንዴት ይስተካከላል

ሊኑክስ ላይ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አፕግሬድ አድርጋችሁ ሪስታርት ስትሉት ዋይፋዩም ሆነ የኬብሉ ኔትወርክ ድራሹ ከጠፋ፣ ካርዱ ተቃጠለ ብላችሁ ሌላ ለመግዛት አትሩጡ፣ ፎርማትም አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ካርዱ ደህና ነው፣ ካርዱን የሚያሰራው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ ነው ለአዲሱ ከርነል ያልተሰራው። ኮማንዶቹ ለኡቡንቱና ለዴቢያን ናቸው።

1. አዲሱ ከርነል ላይ እያላችሁ ተርሚናል ክፈቱና «ዩኔም ሰረዝ አር» በሉ፣ የሚመጣውን ቁጥር ሙሉውን ወረቀት ላይ ገልብጡት። ቀጥሎ «ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ»። ካርዳችሁ ስር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ከሌለ ድራይቨሩ አልተነሳም። መስመሩ ካለ ግን ችግሩ ሌላ ነው፣ ዲሜሴጅ (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ኮማንድ) ውስጥ የፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር፣ ስህተት ፈልጉ፣ ወይ ደግሞ የካርዱ ስም ተቀይሮ የኔትወርክ ሴቲንግ ፋይሉ ላይ የድሮው ስም ቀርቶ ይሆናል።

2. ሪስታርት አድርጉና ሲነሳ ሺፍት ወይ ኢስኬፕ ተጫኑ፣ ግሩብ (ሲነሳ የሚመጣው ከርነል መምረጫ ሜኑ) ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን ከርነል ምረጡ። ኔትወርኩ እዛ ከሰራ ካርዱ ጤነኛ ነው። አሮጌ ከርነል ቦታ ይይዛል እያሉ ጠራርጎ ማጥፋትን የማልወደው ለዚህ ነው። የድሮው ከሌላችሁ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴተሪንግ አብሩ፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ታገኛላችሁ።

3. ዋናው ጣጣ እዚህ ጋር ነው። ከከርነሉ ጋር የሚመጡ ድራይቨሮች አብረውት ይታደሳሉ፣ ከውጪ የተጫኑት ግን፣ አንዳንድ የብሮድኮምና የሪያልቴክ ካርዶች እንደዚህ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ከርነል እንደ አዲስ ኮምፓይል መደረግ (ከኮዳቸው መገንባት) አለባቸው። ይህን የሚሰራው ዲኬኤምኤስ ነው፣ እሱ ደግሞ የዛው ከርነል ሄደርስ (ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ከሌለው ምንም አይሰራም። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» በሉት፣ ከአዲሱ ቁጥር ጎን ኢንስቶልድ ካላለ አልተሰራም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሄደርሱን ሲጭን ነው። በየቦታው የሚገለበጠው ኮማንድ ቁጥሩን ራሱ ከዩኔም እንዲወስድ ተደርጎ የተጻፈ ነው፣ እናንተ ግን አሁን ያላችሁት የድሮው ከርነል ላይ ከሆነ የሚጭንላችሁ የድሮውን ሄደርስ ነው፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ፣ ከዛ አዲሱ ላይ ስትመለሱ ኔትወርኩ እንደጠፋ ነው። ስለዚህ «ኤፒቲ ኢንስቶል ሊኑክስ-ሄደርስ» ብላችሁ ሌላ ሰረዝ አድርጉና ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በእጃችሁ ጻፉት። «ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል» ስትሉም እንደዛው፣ ካልነገራችሁት የሚሰራው አሁን ለተነሳው ከርነል ስለሆነ ሰረዝ ኬ ጨምራችሁ የአዲሱን ቁጥር ስጡት።

ለወደፊቱ ኡቡንቱ ላይ ከከርነላችሁ ጋር የሚሄደውን የሄደርስ ፓኬጅ ጫኑ፣ ለመደበኛው ከርነል ሊኑክስ-ሄደርስ-ጄነሪክ፣ ለኤችደብሊውኢው ደግሞ መጨረሻው ላይ ኤችደብሊውኢ የሚለው ነው፣ ከዛ በኋላ ሄደርሱ ከከርነሉ ጋር እየተከተለ ይመጣል።

4. ሪስታርት። ኢንስቶልድ ብሎም ድራይቨሩ አልነሳ ካለና በእጅ ለማስነሳት ሞድፕሮብ ስትሉት ኪይ ሪጀክትድ የሚል ነገር ካመጣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ድራይቨር የሚያግድ መከላከያ) ነው የከለከለው። ብዙዎች ያጠፉታል፣ እኔ አልመክርም። በሞክዩቲል ድራይቨሩ የተፈረመበትን ቁልፍ ኢምፖርት አድርጉ፣ ፓስወርድ አውጡለት፣ ቀጥሎ ስትነሱ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ኢንሮል ሞክ ምረጡ፣ ቶሎ ካልነካችሁት ስክሪኑ ስለሚያልፍ ከኮምፒውተሩ አትራቁ።

ዲኬኤምኤስ ራሱ ኮምፓይል ላይ ከወደቀ ግን ብዙ ጊዜ የድራይቨሩ ቨርዥን ለአዲሱ ከርነል አርጅቷል፣ አዲስ ቨርዥን እስክታገኙ የድሮው ከርነል ላይ ቆዩ።