ታንኳው ለምን ይዞራል? ረጅም ርቀት ለሚቀዝፉ፣ ችግርና መፍትሄ

መቅዘፍ የተማርኩት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው። ከፍሌቸርስ ኮቭ ታንኳ ተከራይቶ መነሳት ቀላል ነው። በማለዳ ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቶ፣ ዛፎቹ ወደ ወንዙ ተደፍተው ስታዩ ከተማ መሃል መሆናችሁን ትረሳላችሁ። ያ ደስታ ነው ሚዙሪ ወንዝ ላይ ለሚካሄደው፣ ሚዙሪ 340 ለሚባለው የቀዘፋ ውድድር እንድዘጋጅ ያደረገኝ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከካንሳስ ሲቲ ተነስቶ ሴይንት ቻርልስ የሚያልቅ የ340 ማይል ጉዞ ነው። ወደ 547 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አራት ቀን ሳይሞላ መጨረስ ግድ ስለሆነ ሌሊትም ይቀዘፋል።

ዝግጅቱ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ችግር የሚታይበት ቦታና የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ክንድ ያማል፣ ጥፋቱ ግን እግር ጋ ነው። ከፊት ያለው ሰው ይወቀሳል፣ ያጠፋው ግን የኋለኛው ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ጀምረን ወደ ምንጩ እንሂድ።

ታንኳው ቀጥ ብሎ አልሄድ ሲል

ጀማሪ ሁሉ የሚማረርበት ይሄ ነው። አምስት ጊዜ ቀዝፋችሁ አፍንጫው (የታንኳው የፊት ጫፍ) ወደ ግራ ይዞራል። ለማስተካከል በሌላው ጎን ትቀዝፋላችሁ፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ያልፋል። አንዱን ኪሎ ሜትር በእባብ አካሄድ ሁለት ታደርጉታላችሁ።

ታንኳ የሚዞረው ከምትቀዝፉበት ጎን በተቃራኒ ነው። በቀኝ ከቀዘፋችሁ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ የኋለኛው ቀዘፋ ታንኳውን የማዞር ጉልበቱ ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው ኋላ የተቀመጠው ነው።

መቅዘፊያው ከታንኳው ጎን ራቅ ብሎ ቅስት እየሠራ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቁም። የላይኛው እጅም እንደ ታችኛው ከታንኳው ጠርዝ ወጥቶ ከውሃው በላይ ይሁን። ከዚያ የት ላይ እንደምታወጡት ተመልከቱ። መቅዘፊያው ዳሌያችሁ ጋ ሲደርስ ሥራው አልቋል። ከዚያ ወዲያ መጎተት ውሃ ማንሳት ነው፤ ጭራውንም (የኋላ ጫፉን) ያዞረዋል።

መፍትሄው ጄ ስትሮክ የሚባለው አቀዛዘፍ ነው። በቀዘፋው መጨረሻ ላይ የላይኛው እጃችሁን አውራ ጣት ወደ ታች አዙሩት። የመቅዘፊያው ሰፊ ጫፍ ይገለበጥና ውሃውን ከታንኳው ወደ ውጭ ገፋ ያደርጋል፣ አፍንጫውም ይመለሳል። ትንሽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ከገፋችሁ ፍሬን ይሆንባችኋል።

ተወዳዳሪዎች ግን ከዚህ ይልቅ ጎን መቀያየር ይመርጣሉ። በየስድስት ወይም በየስምንት ቀዘፋው አንዱ ይጮኻል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጎን ይቀይራሉ። አሜሪካኖቹ «ሃት!» ይላሉ። እኔና አብረውኝ የሚቀዝፉት ጋሼ «ቀይር!» ነው የምንባባለው። የሁለቱም ክንድ እኩል ይሠራል፣ ታንኳውም ቀጥ ይላል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጭራው እንደ ውሻ ጭራ ከተወዛወዘ፣ ጭነቱን እዩ። አንድ ኩባያ ውሃ ታንኳው ውስጥ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደፊት ከፈሰሰ አፍንጫው ከብዷል፣ ጭራው አልያዝ የሚላችሁም ለዚህ ነው። ወደ ኋላ ከፈሰሰ አፍንጫው ቀልሏል፣ ነፋስ እንደፈለገ ይጫወትበታል። የውሃውን ጀሪካን በአንድ ክንድ ያህል ማንሸራተት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ጭነቱን ትንሽ ወደፊት፣ ከኋላ ከሆነ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉት።

እጅ ውሃ ሲቋጥር፣ አንጓ ሲያብጥ

አንድ ልምምድ ላይ፣ ሦስተኛው ሰዓት አካባቢ፣ የውሃ ጠርሙሴን ክዳን መክፈት አቃተኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጋሼ ከኋላ ሆነው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ አነቅኸው እኮ! ላላ አድርገው፣ የትም አይሄድብህ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ሰው ሲደክም ወይም ሲፈራ መቅዘፊያውን ጨብጦ ይይዛል። ያኔ ከእጅ እስከ ክርን ያለው ጡንቻ አንዴም አያርፍም። የታችኛው እጃችሁ መንጠቆ ይሁን። ሲጎትት ብቻ ይያዝ፣ መቅዘፊያው ወደፊት ሲመለስ ጣቶቹ ይከፈቱ። ውሃ የሚቋጥርበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። ከመቁሰሉ በፊት፣ ቆዳው ደረቅ እያለ በፕላስተር ሸፍኑት።

አንጓችሁን ስታንቀሳቅሱ ውስጡ አሸዋ እንዳለው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጅማቱ ተቆጥቷል። ይሄን በጉብዝና አታልፉትም። ለጥቂት ቀናት ተዉት።

ከሁሉ በላይ ግን እጅ የሚጎዳው የሌላውን ሥራ ስለሚሠራ ነው። መቅዘፍ የክንድ ሥራ አይደለም። ትከሻችሁን አዙራችሁ ወደፊት ትደርሳላችሁ፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ታጠልቃላችሁ፣ ከዚያ ወገባችሁን እየመለሳችሁ ትጎትታላችሁ። ለዚህ እግር የሚረግጠው ነገር ይፈልጋል። እግራችሁ ታንኳው ውስጥ ተንጠልጥሎ ከሆነ ጉልበታችሁ ከወገብ በታች ያልቃል። የእግር መርገጫ አስገጥሙ። መርገጫ ካስገጠምኩ በኋላ ክንዴ የሚያመኝ በጣም ቀንሷል።

እግር ሲደነዝዝ

የወንበሩ ጠርዝ ጭኑን ተጭኖት ነው። ፎም ጨምሩበት። በየሰዓቱም ከመቀመጫችሁ ትንሽ ተነሱ።

ታንኳው በድንገት ሲከብድ

ድካም መስሏችሁ ይበልጥ ትጥራላችሁ፣ እሱ ግን ጭራውን አስምጦ ከኋላው ማዕበል ይጎትታል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነው። ረጋ በሉ፣ ወይም ወደ ጥልቁ ውጡ። ወደ ታች ስትሄዱ ጥልቁና ፈጣኑ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በመታጠፊያው ውጨኛ በኩል ነው።

ፖቶማክ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ሊትል ፎልስ ከሚባለው ፈጣን ውሃ በታች ያለው የወንዙ ክፍል በባሕር ሙላትና ጉድለት ይነካል። ከፍሌቸርስ ኮቭ ወደ ጆርጅታውን ሰፈር በግማሽ ሰዓት ወርዳችሁ መመለሱ ረጅም የሚሆንባችሁ ለዚህም ሊሆን ይችላል። ሳትወጡ በፊት የሙላቱን ሰዓት እዩ፣ ሙላቱ ሲገባ የመመለሻችሁ ሰዓት ይሁን።

ሆድ ሲያቅለሸልሽ፣ ምግብ አልወርድ ሲል

ጠንካራ ሰዎችን ከውድድር ሲያስወጣ ያየሁት ይሄ ነው። ሰውየው ጠዋት ይጋልባል፣ መብላት ይረሳል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይመጣል፣ ባዶ ሆድ ላይ ውሃ ብቻ ይጠጣል። ማታ ላይ ምንም አይቀበልም።

ሳይርባችሁ ጀምሩ። በሰዓት ከ200 እስከ 300 ካሎሪ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት። እኔን ያዳነኝ በሶ ነው። ቀጭን አድርጌ በውሃ እበጠብጠዋለሁ፣ ማርና ቁንጥር ጨው እጨምርበታለሁ፣ ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ እይዘዋለሁ። ስለሚዘቅጥ ከመጠጣታችሁ በፊት ነቅነቅ አድርጉት። የሱቁ ጣፋጭ ጄል ሲያንገሸግሸኝ እንኳ በሶ ይወርዳል፣ ለጾመኛም ይሆናል። ቆሎም ጥሩ ነው፣ ግን በደረቀ አፍ ለማኘክ ያስቸግራል። ምንም ይሁን ምን ውድድር ቀን ላይ አዲስ ምግብ አትሞክሩ።

ጣት ሲያብጥ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ብዙ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል። ተራ ውሃ ከመጠን በላይ ጠጥታችሁ ጨው ጎድሏችሁም ሊሆን ይችላል። ያኔ ውሃ መጨመር ያባብሰዋል። ሰውየው ከተምታታበት ወይም ማስታወክ ካላቆመ ከወንዙ አውጡትና ሐኪም ጋ አድርሱት።

በመቅዘፍ የማይፈቱ ችግሮች

ወራጁ ወደ ወደቀ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ወስዶ ሲያላትማችሁ ሰውነት በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያ ነው የሚገለብጣችሁ፤ ወራጁ የሚመጣበት ጎን ይሰምጥና ውሃ ይገባል። ወደ መሰናክሉ ተጠጉ፣ በእጃችሁ ያዙት።

ሚዙሪ ላይ ከዳር ወደ መሃል የተዘረጉ የድንጋይ ግድቦች አሉ፣ አንዳንዶቹ ከውሃው በታች ናቸው። ፊት ለፊት የተሸበሸበ መስመር ካያችሁ ጫፉን ዞራችሁ እለፉ። ቀይና አረንጓዴ ተንሳፋፊ ምልክቶች በወራጁ ተጎትተው ጠልቀው ድንገት ሊወጡ ስለሚችሉ ራቁላቸው። የጭነት ባርጅ ካያችሁ መንገዱን ልቀቁ፣ በቶሎ መቆም አይችልም። ወንዙን ከዳር እዳር ለሚዘጋ ዝቅተኛ ግድብ ግን የቀዘፋ ጥበብ የለውም። ታንኳውን አውጡና በየብስ ተሸክማችሁ እለፉ። ላይፍ ጃኬት ደግሞ የሚለበስ እንጂ ወንበር ሥር የሚቀመጥ አይደለም።

በሁለተኛው ሌሊት የሌለ ነገር ሲታይ

ዛፉ ቤት ይሆናል። ግንዱ ሰው ሆኖ እጁን ያውለበልባል። አትደንግጡ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ግን ችላ አትበሉት፤ ያን ጊዜ ትክክለኛውን ግንድ ከሐሳዊው መለየት አትችሉም። ከአብሮ ቀዛፊያችሁ ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፦ አንዱ የሌለ ነገር ማየቱን ከተናገረ በሚቀጥለው ማረፊያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ክርክር የለም። ጭጋግ ከወረደም እንዲሁ ወደ ዳር ውጡ።

ጋሼ መሬት ላይ ሲተኙ መቅዘፊያቸውን ራሳቸው ሥር ያደርጋሉ። እኔ የስልኬን ማንቂያ በ30 ደቂቃ ሞልቼ ደረቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስንነሳ መጀመሪያ የምናየው የታንኳውን መብራቶች ነው፣ ከፊት ቀይና አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ። ሁሉም ከበሩ፣ በሶውን ነቅንቀን እንወርዳለን።