በጅማ ግቢ የባዮጋዝ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት፦ የጋዙን ምርት፣ ፍጆታና ይዘት እንዴት እናስላ?

ኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ቢኖራትም፣ ከዚያ ተነሥቶ ጅማ የሚደርስ የጋዝ ቧንቧ የለም፤ ስለዚህ ከብት ለሚያረባ የጅማ ዙሪያ ቤተሰብ ቅርብ የሆነው ጋዝ ከገዛ በረቱ የሚገኘው ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚነደው ሜቴን ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ሲሆን፣ ከእበት በሚገኘው ባዮጋዝ ውስጥ የሜቴን ድርሻ ከ50 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው በአመዛኙ የማይነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት በየማለዳው ከበረት የሚጠረገውን እበት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በሚዛን ይመዝኑ። የከብቱን ቁጥር ብቻ ይዞ መገመት ያሳስታል፤ ቀን ሜዳ የሚውል ከብት ከእበቱ ብዙውን እዚያው ጥሎ ይመለሳልና። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል ተብሎ ይሰላል፤ ሆኖም እበቱን የሚያብላሉት ተሕዋስያን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበልጥ የሚሠሩ ሲሆኑ የጅማ አማካይ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ በመሆኑ፣ ስሌትዎን በዝቅተኛው ቁጥር ቢይዙ ይሻላል። በዚህ መሠረት በቀን 20 ኪሎ እበት 600 ሊትር ያህል ጋዝ ያስገኛል።

አሁን ፍጆታውን ያስሉ። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ስለሚያቃጥል፣ 600 ሊትር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያገለግላል። ይህ ለቡናና ለወጥ ይበቃል፤ ለእንጀራ መጋገሪያ ግን አይበቃም፣ ምጣዱ ለብቻው ብዙ ጋዝ ይፈልጋልና። በረመዳን የኢፍጣርና የሱሁር ማብሰያ ሰዓት ስለሚለወጥ፣ ጋዙ ተጠራቅሞ የሚቆይበትን ጊዜም አብረው ያስቡ።

የጉድጓዱ መጠን የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። 20 ኪሎ እበት ከ20 ሊትር ውኃ ጋር ተበጥብጦ በየቀኑ ሲገባና እያንዳንዱ ቀን የገባው ለ60 ቀናት ያህል ሲቆይ 2,400 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ የጋዙ ማጠራቀሚያ ሲጨመርበት 4 ሜትር ኩብ ማብላያ በቂ ነው። «ወደፊት ከብት ስጨምር» ብሎ 10 ሜትር ኩብ ማስገንባት ሲሚንቶ ከማባከኑም በላይ፣ ያልጠገበ ጉድጓድ በቂ የጋዝ ግፊት አይኖረውም። ለውኃውም እንደ እበቱ ይጠንቀቁ፤ በበጋ በጀሪካን ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ በየቀኑ 20 ሊትር ማግኘት ቀላል አይደለም።

በጅማ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ቡና ገለፈት ነው። እሸት ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው እርጥብ ገለፈት ጋዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን አሲድነቱ፣ ካፌኑና ታኒኑ ተሕዋስያኑን ስለሚጎዱ፣ ገና በሚጀምር ጉድጓድ ውስጥ አይጨመር። ማብላያው በእበት ብቻ ለጥቂት ወራት በደንብ ከሠራ በኋላ በትንሽ በትንሹ ይሞከር፤ ነበልባሉ ከደከመ ወዲያውኑ ይቁም።

ባዮጋዝ ጥቂት ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አለው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እርሱ ነው። መርዛማ ከመሆኑም ሌላ ብረትን ስለሚበላ፣ በቧንቧው መሥመር ላይ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ የተሞላ ማጣሪያ ማስገባት ይጠቅማል። በሲሊንደር ለሚሸጠው ጋዝ የተሠራ ምድጃም እንዳለ አይሠራም፤ የዚያ ጋዝ ኃይል በመጠን ሲነጻጸር ከባዮጋዝ ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ለባዮጋዝ ጠባብ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት፣ በማብላያው ውስጥ ከቀረው አየርም ጋር የተቀላቀለ ነው። በክብሪት አይሞክሩት፤ ከቤትና ከእሳት ርቆ ደጋግሞ ይውጣ። የቧንቧውን መጋጠሚያዎች በሳሙና ውኃ ፈትሸው አረፋ አለመነሣቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ ምድጃውን መስኮት በተከፈተበት ማድ ቤት ይለኩሱት፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ከጸና ጋዙ ለማብሰል ደርሷል።