ልቡ የሸፈተ ሠራተኛን የመሥራት አቅም እንዴት መመለስ ይቻላል? ለባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች

የአንድ ቴለር (ካውንተር ላይ ገንዘብ የሚቀበልና የሚከፍል ሠራተኛ) አፈጻጸም ሲያሽቆለቁል፣ ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በችሎታው ላይ ነው፤ ሥልጠና ይላካል፣ አለዚያም ማስጠንቀቂያ ይጻፍለታል። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ያንኑ ሥራ ያለ እንከን ሲሠራ የነበረ ሰው ችሎታው በድንገት ከየት ይጠፋል? አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው ለሥራው ያለው አመለካከት ነው። አመለካከቱ ደግሞ ትኩረቱን፣ ትዕግሥቱንና ለመማር ያለውን ፍላጎት ስለሚሸረሽር፣ ውሎ አድሮ የችሎታ ማነስ መስሎ ይታያል።

የአመለካከትን ኃይል ግን ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ ከ300 በላይ ናሙናዎችን አጠቃለው ባቀረቡት ጥናት፣ በሥራ እርካታና በአፈጻጸም መካከል ያለው ተዛምዶ 0.30 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል (ሙሉ ተዛምዶ 1 ነው)፤ ውስብስብ በሆኑ ሥራዎች ላይ ደግሞ ከዚህ ጠንክሮ ታይቷል። ግንኙነቱ አለ፣ ነገር ግን ሁሉን አይወስንም። ከዚህም ሌላ ነገሩ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሥራውን የጠላ ሰው አፈጻጸሙ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ የተሰናከለ ሰውም ሥራውን እየጠላ ይሄዳል። ስለዚህ ሠራተኛውን ከመምከርዎ በፊት ሥራውን ይመርምሩ።

ምርመራውን ከካውንተሩ ይጀምሩ። በብዙ ባንኮች ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለ ጥሬ ገንዘብ ቢገኝ ከኪሱ የሚተካው ቴለሩ ነው። አንድ ጊዜ ጉድለት የደረሰበት ቴለር በማግሥቱ እያንዳንዱን እስር ብር በማሽን ከቆጠረ በኋላ በእጁ ይደግመዋል፤ ወረፋው ይረዝማል፣ ደንበኛ ይጮኻል፣ በጩኸቱ መካከልም ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራ የሚያጓትት ሠራተኛ ይመስላል፤ በቅርብ ሲታይ ግን ፍርሃት አቅሙን እየበላው ነው። ሌላው ምልክት ሳያረጋግጡ «ሲስተም የለም» ማለት ሲሆን፣ ይህን የሚለው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከአንገት በላይ መሥራት ከጀመረ ቆይቷል።

ቀጥሎ ለብቻው አስቀምጠው ያነጋግሩት። «ምን ሆነሃል?» የሚለው ጥያቄ ወቀሳ ስለሚመስል «ምንም» ከሚል መልስ በቀር አያስገኝም። በምትኩ ስለ ሥራው ይጠይቁ፦ «ከቀኑ ሥራ በጣም የሚከብድህ የትኛው ሰዓት ነው?»፣ «እኔ ላነሣልህ የምችለው ነገር ቢኖር የቱን ትመርጣለህ?» የሚሉት ጥያቄዎች አንድ የተጨበጠ ነገር ያወጣሉ። በዚህ ንግግር ወቅት ሐዘን፣ ሕመም ወይም የቤት ችግር መኖሩን ከተረዱ ጉዳዩ የሥራ አመለካከት ስላልሆነ መፍትሔው ፈቃድና ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሥራ ወለድ መታከትን የሚገልጸው በሦስት ነገሮች ነው፤ ኃይል ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና ውጤታማነት መቀነስ። ሦስቱን አንድ ላይ ካዩ፣ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት እንዳለው ይመልከቱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው፤ በሥራ ብዛት እያመካኙ ማስተላለፉ ለቅርንጫፉም አይጠቅምም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ በእጅዎ ያለውን አንድ ነገር ይለውጡ። ችግሩ ፍርሃት ከሆነ፣ ጉድለት በተገኘ ቁጥር በሠራተኞች ፊት መውቀስን ይተዉና ከዋናው ገንዘብ ያዥ ጋር ሆነው የዕለቱን ደረሰኞች አብረው ያመሳክሩ፤ ጎላ ያለ ክፍያ ሲኖርም ሁለተኛ ቆጣሪ ይመድቡለት። ችግሩ ፍትሕ ማጣት ከሆነ ግን ምስጋና አይፈውሰውም። በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን አምሽተው የሚሠሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሁለት ሰዎች ከሆኑ ተራ ያውጡ፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ አዋጁ የሚያዘው የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ መከፈሉንም ያረጋግጡ። የተቀማጭ ማሰባሰብ ዕቅድም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከካውንተር የማይነሣ ቴለር ውጭ ወጥቶ ደንበኛ ከሚያፈላልግ ባልደረባው እኩል እንዲያመጣ መጠየቅ፣ በጥረቱ ሊያሳካው በማይችለው ነገር መመዘን ነው።

ሥራው ትርጉም ያጣበት ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ የሥራውን ፍሬ እንዲያይ ያድርጉ። የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው አዳም ግራንት እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ለዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች በገንዘቡ የነጻ ትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ከተገናኙ በኋላ በስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የብድር ሰነድ ሲያገላብጥ የሚውል ሠራተኛም በዚያ ብድር ሱቁን ያስፋፋውን ነጋዴ አንድ ቀን ቦታው ድረስ ሄዶ ቢጎበኝ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። የጠዋት የማነቃቂያ ንግግርና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መፈክር ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሚናገረው ሰው በቀር ማንንም አያነቃቃም።

ለውጡን ሲመዝኑ የሠራተኛውን ፊት ሳይሆን ሥራውን ይመልከቱ፤ የስሕተት ብዛት፣ አንድ ደንበኛ የሚያስተናግድበት ጊዜና ሒሳብ የሚዘጋበት ሰዓት በቂ ናቸው። በአንድ ሳምንት መሻሻል አይጠብቁ፤ ቢያንስ አንድ የወር መጨረሻ ይለፍ። ሁኔታው ከተስተካከለ በኋላም ምንም ካልተለወጠ፣ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ማዛወርን ይሞክሩ፤ ደንበኛ ፊት የሚጨነቅ ሰው በሰነድ ሥራ ላይ ጎበዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስንብት የሚታሰብ ከሆነም በአዋጁ መሠረት የሥራ ችሎታ ማጣት የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ውይይት ጀምሮ የተነጋገራችሁበትን፣ የለወጡትንና ያገኙትን ውጤት ከነቀኑ በማኅደሩ ያስቀምጡ፤ ግልባጩንም ለሠራተኛው ይስጡት።